480 ፋይል በእጅ አይከፈትም፤ ለፓይዘን ሉፕ ስጡት

ቺርፕስ የሚባለውን የዝናብ ዳታ ያወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሳንታ ባርባራ፣ ካሊፎርኒያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያወጣው፤ ከ1981 ጀምሮ የየወሩ ዝናብ አለው። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ከ1981 እስከ 2020 ያለውን ብቻ ብትወስዱ 40 ዓመት ሲባዛ በ12 ወር፣ 480 ፋይል ይሆናል። ከዚያ አለቃ ወይም አማካሪ መምህር ይመጣና "የየወረዳውን አማካይ ዝናብ አውጡልኝ" ይላል። አፍ ላይ ቀላል ናት።

ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ ፕሮግራም ከፍቶ አንዱን ፋይል መጫን፣ የወረዳ ወሰኑን መደረብ፣ ዞናል ስታትስቲክስ (በየወሰኑ ውስጥ ያለውን አማካይ ማስላት) ማስኬድ፣ ሴቭ ማድረግ። ለአንድ ፋይል ጥቂት ደቂቃ ነው። ለ480 ግን ሳምንት ይበላል፤ ሳምንቱ እንኳ ይቅር፣ መሃል ላይ አይን ሲደክም የማርች ፋይል ሜይ ተብሎ ይቀመጥና ማንም ሳያውቀው ሪፖርት ውስጥ ይገባል።

መፍትሔው ሉፕ ነው፤ አንዱን ሥራ በየፋይሉ እየደገመ የሚሠራ ኮድ፣ ፓይዘን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጻፍ። ሉፕ መጻፍ በራሱ ሦስት አራት መስመር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተቀምጣችሁ ትማሩታላችሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ሉፕ የነገራችሁትን ብቻ ይደግማል፤ የተሳሳተ ነገር ከነገራችሁት ስህተቱንም 480 ጊዜ ይደግመዋል፣ ያውም አንዲት ቃል ሳያጉረመርም። ስለዚህ እዚህ ላይ ከሉፑ ይልቅ ሉፑን ስለሚያስቱት ነገሮች ነው በብዛት የማወራው።

አንድ ነገር ላስቀድም፦ ትእዛዞቹን እንደምንጠራቸው በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ። ኮዱ ላይ ግን ትእዛዞቹ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት። የቫሪያብል ስም ከሆነ ግን ፓይዘን 3 አማርኛም ይቀበላል፤ "ዝናብ" ብላችሁ ብትሰይሙት ይሠራል። ኪቦርድ መቀያየሩ ያሰለቻል እንጂ።

ምን ያስፈልጋል

ሦስት የፓይዘን ላይብረሪዎች፦ ጂኦፓንዳስ ለወሰኖችና ለነጥቦች፣ ራስተሪዮ ለራስተር (እንደ ዝናቡ ፋይል በፒክስል ለተሠራ ካርታ)፣ ራስተርስታትስ ለዞናል ስታትስቲክስ። ኮምፒውተራችሁ ላይ የምትጭኑ ከሆነ ኮንዳ በሚባለው መጫኛ አዲስ ኢንቫይሮንመንት (ለብቻው የተለየ ቦታ) ክፈቱና ሦስቱንም አንድ ላይ ጫኑ፤ ከድሮው ፓይዘናችሁ ጋር አታደባልቋቸው፣ ጂዲኤኤል የሚባለው ከሥር ያለው ላይብረሪ ቨርዥን ሲጋጭበት የሚያመጣው ጣጣ ቀን ሙሉ ያስቀምጣል።

ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ ደግሞ ጉግል ኮላብ ላይ ሥሩ፤ ኮዱ የሚሄደው በጉግል ሰርቨር ላይ ነው። ብዙ ሰው ዳታውን መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ አውርዶ መልሶ ወደ ኮላብ ሊጭን ይታገላል። ምን አደከማችሁ? የማውረጃውን ሊንክ ለኮላብ ስጡት፣ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ራሱ ያወርደዋል፣ የእናንተ መስመር ምንም አይነካም። ቺርፕስ የአፍሪካ ብቻ የሆነ ፎልደርም አለው፤ የኢትዮጵያ ሥራ ከሆነ የዓለሙን ሙሉ ማውረድ ትርፉ ድካም ነው።

መጀመሪያ አንድ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሉፕ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ፋይል ላይ ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨርሱ። ፋይሉን ክፈቱና ሦስት ነገር ፕሪንት አድርጉ፦ ፕሮጀክሽኑ (ቦታው በምን ዓይነት የመጋጠሚያ ቁጥር እንደተጻፈ) ምንድን ነው፣ ከየት እስከ የት ይሸፍናል፣ ባዶ ቦታን በምን ቁጥር ነው የሚሞላው። ቺርፕስ ኢፒኤስጂ 4326 ነው (ኢፒኤስጂ የፕሮጀክሽኖች መለያ ቁጥር ነው)፣ ማለትም ተራው ላቲቲውድና ሎንጊቲውድ፤ አንዱ ፒክስል 0.05 ዲግሪ፣ በእኛ አገር በግምት 5.5 ኪሎ ሜትር በ5.5 ኪሎ ሜትር ነው። ባዶውን በ-9999 ይሞላዋል።

ይህች -9999 ቀላል እንዳትመስላችሁ። ለራስተርስታትስ "ኖዳታ -9999 ነው" ብላችሁ ካልነገራችሁት ዝናብ መስላው አማካዩ ውስጥ ልትደምር ትችላለች። እሱስ ይሻላል፤ አማካዩ ከዜሮ በታች ሲወርድ ማንም ሰው ይደነግጣል። የባሰው ራስተሪዮ ላይ ማስክ ተጠቅማችሁ ወረዳውን ስትቆርጡ የሚመጣው ነው። ፋይሉ ላይ ኖዳታ ካልተመዘገበ፣ ማስክ ከወረዳው ውጭ ያለውን ሁሉ በዜሮ ይሞላዋል። ዜሮ ደግሞ ለዝናብ ትክክለኛ ቁጥር ነው። አማካዩ በጸጥታ ዝቅ ይላል፣ ቁጥሩ ያምራል፣ ማንም አይጠረጥርም። ፊልድ ("የተሞላ" ማለት ነው) የሚለውን አማራጭ ፎልስ አድርጉት፤ ያኔ ከወሰኑ ውጭ ያለው ከሒሳቡ ይወጣል።

ከዚያ ያገኛችሁትን የአንድ ወረዳ ቁጥር ኪውጂአይኤስ ላይ በእጅ ከሠራችሁት ጋር አስተያዩ። ካልተገናኘ ወደ ሉፑ እንዳትሄዱ።

አሁን ሉፑ

ያ የሠራ ኮድ ፈንክሽን ውስጥ ይግባ። የፋይል መንገድ ይቀበላል፣ የወረዳዎቹን አማካይ ይመልሳል፣ በቃ። ሉፑ ፈንክሽኑን እየጠራ ይሄዳል። ቅርጹ በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ነው፦

ውጤቶች = ባዶ ሊስት
ለእያንዳንዱ ፋይል ከተደረደሩት ፋይሎች ውስጥ፦
    ዓመትና ወር ከፋይሉ ስም አውጣ
    ራስተሩን አንዴ ክፈት
    ለእያንዳንዱ ወረዳ፦
        አማካዩን አስላ
        ኮድ፣ ዓመት፣ ወር፣ አማካይ ወደ ውጤቶች ጨምር
ሉፑ ሲያልቅ ውጤቶችን ወደ ሠንጠረዥ ቀይር፣ አንዴ ጻፍ

"የተደረደሩት" ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ፓትሊብ ውስጥ ያለው ግሎብ ፋይሎቹን ይሰበስባል እንጂ በቅደም ተከተል ለማምጣት ቃል አልገባም። ሶርትድ ውስጥ አስገቡት።

የሉፖቹም ተራ ለውጥ አለው። ፋይሉ ውጭ፣ ወረዳው ውስጥ። ብትገለብጡት ምን ይሆናል? ወረዳዎቹ አንድ ሺህ ገደማ ናቸው እንበል፤ ለእያንዳንዱ ወረዳ 480 ፋይል ትከፍታላችሁ፣ 480 ሺህ ጊዜ ፋይል መክፈትና መዝጋት ማለት ነው። በዚህኛው ተራ ግን 480 ጊዜ ብቻ። ራስተርስታትስን ከተጠቀማችሁ ደግሞ የውስጠኛውን ሉፕ ራሱ ይሠራላችኋል፤ ወረዳዎቹን በሙሉ አንዴ ስጡት፣ ውጤቱን በሰጣችሁት ተራ ይመልሳል።

ብዙ ጊዜ የማየው ሌላ ነገር፦ ሰው በየዙሩ ሠንጠረዡን ከድሮው ጋር ኮንካት ያደርጋል፣ ማለትም ይቀጥላል። ይሠራል፣ ግን ሠንጠረዡ በየዙሩ ከነሙሉ አካሉ ስለሚገለበጥ እየቆየ እየቆየ ይንቀራፈፋል። ሊስት ላይ ብቻ ጨምሩ፤ ሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ አንዴ ይሠራ።

የፋይል ስም

የቺርፕስ ፋይል ስም "ቺርፕስ-ቪ2.0.1981.01" ዓይነት ነው። ዓመቱና ወሩ በነጥብ ተለይተዋል፤ ስለዚህ ስፕሊት አድርጎ መውሰድ ነው የሚመጣልን። ግን ቨርዥኑ ውስጥም ነጥብ አለ። ከግራ ብትቆጥሩ ሁለተኛው ቁራጭ "0" ነው፣ ዓመቱ ሦስተኛው ላይ ነው። ሌላ ምርት ስታወርዱ ቁጥሩ ይዛነፋል። ከቀኝ ቁጠሩ፦ የመጨረሻው ወር፣ ከእሱ በፊት ያለው ዓመት። ቅጥያውን ደግሞ ስቴም በሚባለው አስወግዱት።

ወደ ውጭ ስትጽፉ ያለው ስም የባሰ ነው። የወረዳን ስም የፋይል ስም እንዳታደርጉ። ጎሮ የሚባል ወረዳ ባሌ ውስጥ አለ፤ ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ውስጥም አለ። ለየወረዳው አንድ ፋይል የሚጽፍ ሉፕ የመጀመሪያውን ጎሮ ይጽፋል፣ ሁለተኛው ጎሮ ሲደርስ በላዩ ላይ ይጽፍበታል፣ ስህተት ብሎም አይጮህም። አንዱ ጎሮ ጠፋ። አጻጻፉም አያስተማምንም፤ አንዱ ወሰን ፋይል ላይ በአንድ ስፔሊንግ፣ ሌላው ላይ በሌላ። ኦቻ (የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ቢሮ) ከሚያወጣው የወሰን ዳታ ጋር ፒኮድ የሚባል መለያ አብሮ ይመጣል። ሥራችሁን ሁሉ በእሱ እሰሩ፤ ስሙ ለሰው ዓይን ብቻ ይሁን።

ፕሮጀክሽን፣ ዋናው ራስ ምታት

ለዝናቡ ሥራ መላው ቀላል ነው። ወረዳዎቹ ሌላ ፕሮጀክሽን ላይ ከሆኑ፣ 480 ራስተር ከመቀየር አንዱን የወረዳ ፋይል ወደ 4326 ቀይሩ፣ ከሉፑ በፊት፣ አንዴ።

ከመስክ የመጣ ዳታ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የተለያየ ቡድን ጂፒኤስ ይዞ ወጥቷል፣ ፎልደሩ ውስጥ ብዙ ሼፕፋይል (የነጥብና የወሰን ፋይል) አለ፣ ግማሾቹ ፕሮጀክሽኑን የሚናገረው የፒአርጄ ፋይላቸው የለም። እዚህ ላይ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ትእዛዞችን መለየት ግድ ነው። ሴት ሲአርኤስ (ሲአርኤስ ያው ፕሮጀክሽኑ ነው) መለያ ይለጥፋል፣ ቁጥሮቹን አይነካም። ቱ ሲአርኤስ ቁጥሮቹን ራሳቸውን ያሰላል፣ ይቀይራል። ፒአርጄ የሌላቸውን በሙሉ በሉፕ "ሴት ሲአርኤስ ዩቲኤም 37" ብላችሁ ብትለጥፉ ኮዱ ያለ ምንም ቅሬታ ይጨርሳል።

ግን ዩቲኤም ምድርን በየስድስት ዲግሪው በዞን የሚከፍል ፕሮጀክሽን ነው፤ አገራችን ደግሞ በሦስት ዞን ውስጥ ናት። ከ36 ዲግሪ ምሥራቅ እስከ 42 ያለው 37 ነው፤ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ እዚያ ናቸው። ጋምቤላ 36 ላይ ናት። ጅግጅጋ 38 ላይ። የጋምቤላን ነጥብ 37 ብላችሁ ስትለጥፉበት ስድስት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ሐረርጌ ውስጥ ገባ ማለት ነው። የጅግጅጋው ደግሞ ወደ ነቀምት ይመጣል። ይህኛው እንኳ ካርታ ላይ ሲታይ ያስቃል፣ ይያዛል።

የማይያዘው አዲንዳን ነው። የቆዩ ካርታዎችና ብዙ የመንግሥት ዳታዎች አዲንዳን በሚባል ዳተም (መጋጠሚያው የሚለካበት መነሻ) ላይ ናቸው፤ 37ኛው ዞን ኢፒኤስጂ 20137 ነው። ጂፒኤስ የሚጠቀምበት የደብሊውጂኤስ 84ቱ 32637። ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፣ አሃዛቸው እኩል ነው፣ ካርታ ላይ ሲወጡ ሁለቱም እዚያው ከተማ ላይ ያርፋሉ። ልዩነታቸው አዲስ አበባ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ነው። የውኃ ጉድጓድ ከሆነ ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ነው፤ የይዞታ ካርታ ከሆነማ አታንሱት።

ስለዚህ ሉፑ ውስጥ ይህን አስገቡ፦ ፋይሉ ሲአርኤስ ከሌለው አትገምት፣ ስሙን "ያልታወቁ" ሊስት ላይ ጻፍና እለፍ። ካለው ወደ አንድ የጋራ ፕሮጀክሽን ቀይር። ያልታወቁትን ዳታውን የሰበሰበው ሰው ጋ ደውላችሁ "ጂፒኤሱ ምን ላይ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ይሄ በኮድ አይፈታም። ከቅየራው በኋላ ደግሞ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ሎንጊቲውዱ ከ33 እስከ 48፣ ላቲቲውዱ ከ3 እስከ 15 ውጭ የሆነ ነጥብ ካለ ፕሪንት አድርግ። ወደ ባሕር የወጡትን ይይዛል፤ አዲንዳንን አይዝም።

ክረምት፣ በልግ፣ በጋ

ወር በወር ያለው ሠንጠረዥ ከደረሰ በኋላ ወቅት ማውጣት ይመጣል። ክረምት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ነው፤ በልግ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ። ለእያንዳንዱ ዓመት አራት ወር መደመር። ሬንጅ ስትጽፉ የመጨረሻውን ቁጥር እንደማይጨምር አትርሱ፦ እስከ 2020 ለመሄድ 2021 ትላላችሁ።

በጋ ግን ተንኮለኛ ነው። ከኦክቶበር ተነስቶ ጃንዋሪ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ዓመት ይሻገራል። በዓመት ብቻ ግሩፕ ብታደርጉት የ1990 ጃንዋሪን ከ1990 ኦክቶበር ጋር ይደምርላችኋል፤ ሁለት የተለያዩ በጋዎች ተቀላቀሉ። ኦክቶበር፣ ኖቬምበርና ዲሴምበር የያዙትን ዓመት ይያዙ፤ ጃንዋሪ ሲሆን ከዓመቱ አንድ ቀንሱና "የበጋ ዓመት" የሚል አዲስ ዓምድ ላይ አስቀምጡት። ከ480 ፋይል የሚገኘው ሙሉ በጋ 39 ነው። 40 ወይም 41 ካገኛችሁ ጫፍ ላይ ያሉት ጎዶሎዎች ገብተዋል።

"የመስከረም ዝናብ" ተብላችሁ ከተጠየቃችሁ ደግሞ የሴፕቴምበርን ፋይል አትስጡ። ከሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሲሶ ነሐሴና ጳጉሜን ነው። በእኛ ወር የሚፈለግ ከሆነ የየቀኑን ዳታ ነው መውሰድ ያለባችሁ፤ ለ40 ዓመት 14,610 ፋይል። ሉፑ ያው ነው፣ የሚረዝመው ጊዜው ነው።

ትንንሽ ወሰኖች ላይም አንድ ነገር አለ። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ከአንዱ የቺርፕስ ፒክስል ያንሳል። የፒክስሉ መሃል ወሰኑ ውስጥ ካልወደቀ መልሱ "ነን" (በእንግሊዝኛ ምንም የለም ማለት) ይሆናል። ኦል ተችድ የሚለውን ትሩ ስታደርጉ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ግን እንዲህ ትንሽ ቦታ ላይ ጎረቤት ክፍለ ከተሞች አንድ ዓይነት ዝናብ ቢያሳዩ አትገረሙ፣ አንድ ፒክስል ነው የሚጋሩት።

ሲወድቅ

ከ480 አንዱ ፋይል ሲወርድ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ያለ ትራይና ኤክሴፕት (ስህተት ሲመጣ ሉፑ እንዳይቆም የሚያደርጉ ትእዛዞች) ሉፑ 311ኛው ላይ ይቆማል፣ እናንተ ተኝታችኋል። ግን ኤክሴፕት ውስጥ "ፓስ" ብቻ ጽፋችሁ እንዳትሄዱ፤ ያ ማለት ስህተቱን አየሁት ግን ለማንም አልናገርም ማለት ነው። የፋይሉን ስምና የስህተቱን መልእክት ሊስት ላይ አስቀምጡ። መጨረሻ ላይ የተሳካውና የወደቀው ሲደመር 480 መሆኑን ፕሪንት አድርጉ። ካልሆነ አንድ ቦታ ላይ ፋይል ጠፍቷል።

የመጨረሻውን ሠንጠረዥ ሲኤስቪ አድርጋችሁ ስትጽፉ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8-ሲግ አድርጉት። ያለዚያ ኤክሴል የወረዳዎቹን የአማርኛ ስም ወደማይነበብ ነገር ይቀይረዋል፣ ተቀባዩም "ፋይሉ ተበላሽቷል" ብሎ ይመልስላችኋል። ካርታ አድርጋችሁ የምትሰጡ ከሆነ ሼፕፋይልን ተዉት፣ ጂኦፓኬጅ ይሻላል። የሼፕፋይል ዓምድ ስም ከ10 ባይት አያልፍም፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ የሚገባላችሁ ሦስት ፊደል ነው። "የክረምት ዝናብ" ብላችሁ የሰየማችሁት "የክረ" ሆኖ ይቀራል።

መብራት ይሄዳል፣ ይሄ የታወቀ ነው። በየፋይሉ ውጤት የሚጽፍ ሉፕ ከሆነ መጀመሪያው ላይ "ይህ ውጤት ካለ ኮንቲኒው" የሚል መስመር አስገቡ፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ችግሩ መብራት የሄደው እየጻፈ እያለ ከሆነ ነው፤ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ይቀራል፣ ሉፑም "አለ" ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፍ፣ ተጽፎ ሲያልቅ ብቻ ሪኔም ይደረግ። የግብዓት ፎልደሩና የውጤት ፎልደሩም ይለያዩ፤ አንድ ላይ ከሆኑ ሉፑ በሁለተኛው ዙር የራሱን ውጤት እንደ ግብዓት ያነባል።